ሰነቲን ሁለት ጊዜ ማየት፦ የባሌ ተራሮች ጉብኝት ግምገማ

ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊወስነው የሚገባው ዋና ጉዳይ የት እንደሚያድር ወይም በምን መኪና እንደሚጓዝ ሳይሆን፣ ከመኪናው ወርዶ ምን ያህል ሰዓት በእግሩ እንደሚሄድ ነው። ይህን የምለው ባለፈው ኅዳር ከሦስት ወዳጆቼ ጋር ባደረግነው የስድስት ቀን ጉዞ የሰነቲን አምባ ሁለት ጊዜ ስላየሁት ነው፤ መጀመሪያ በመኪና መስኮት፣ በማግሥቱ ደግሞ በአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ እየተመራሁ በእግሬ። ሁለቱን ቀናት ሳስታውስ ስለ አንድ ቦታ እያሰብኩ አይመስለኝም።

ጉዟችን የጀመረው ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲንሾ ነበር፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም በዋናነት የታሰበው ለደጋ አጋዘንና ለቀይ ቀበሮ ጥበቃ ነበር፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጽሕፈት ቤቱን በከበበው የጥድና የኮሶ ደን ውስጥ ያለው አጭር የእግር መንገድ፣ ከረጅም የመኪና ጉዞ በኋላ ለደከመ ሰው እንኳ የማይከብድ ነው። እኛ ገና ሩብ ሰዓት ሳንሄድ አንድ ወንድ አጋዘን ከኮሶ ዛፍ ሥር ቆሞ አገኘነው። ቀንዱ ተጠማዞ ወደ ላይ የወጣ፣ አንገቱ ሥር ነጭ ምልክት ያለበት፣ ጠጉሩ በብርዱ ምክንያት የተንጨፈረረ ነበር፤ አይቶን ጥቂት ከቆየ በኋላ ያለ ምንም ጥድፊያ ወደ ደኑ ገባ። ይህ እንስሳ በኢትዮጵያ ደቡብ ምሥራቅ ደጋዎች እንጂ በሌላ የዓለም ክፍል የለም፤ ሳይንስ መዝግቦ ስም የሰጠውም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፣ ከአፍሪካ ትልልቅ አጋዘኖች ሁሉ ዘግይቶ ማለት ነው። ዲንሾን ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብታዩት እንኳ አይቆጫችሁም። በተለይ የጋይሳይ ሜዳ ፀሐይ ስትጠልቅ ከርከሮውም አጋዘኑም በአንድነት የሚግጥበት ቦታ ስለሆነ፣ ለልጆች ከዚህ የተሻለ የመጀመሪያ ቀን አላውቅም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው በሁለተኛው ቀን ነው። ጉዞውን ያዘጋጀልን ድርጅት በሰጠን መርሐ ግብር ላይ «ሙሉ ቀን በሰነቲ» የሚል ተጽፎ ነበር። በተግባር የሆነው ግን ከጎባ ተነሥተን አምባውን በፍጥነት ማቋረጥ፣ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ድረስ በመኪና መውጣት፣ ፎቶግራፍ መነሣትና መመለስ ነበር። በእግር የሚመራ አስጎብኚ በክፍያው ውስጥ እንዳልተካተተ የተነገረን እዚያው ከደረስን በኋላ ነው፤ ሌሊቱ ውርጭ የሚጥልበት ወቅት መሆኑን የነገረንም አልነበረም። ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን የመኪናው ፍጥነት ነው። ያ መንገድ የሚያልፈው በቀይ ቀበሮዎቹ መኖሪያ መካከል ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ በዝግታ መንዳትን ማንም ሳይነግረው ሊያውቀው የሚገባ ሰው መኪና ነጂው ነው። እርግጥ ነው፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ የሚታየው ዕይታ ያስደምማል። ነገር ግን ከዚያ ሆኜ ያየሁት ስፋትን ብቻ ነበር፤ በዚያ ስፋት ውስጥ ማን እንደሚኖር አላየሁም።

በዚያው ምሽት ተነጋግረን መርሐ ግብሩን ቀየርን፤ በራሳችን ወጪም አንድ የአካባቢው አስጎብኚ ቀጠርን። የዚህን ጉዞ ዋጋ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ከጎባ ተነሥተን አምባው ላይ ስንደርስ፣ ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች ቅጠል ላይ የተጋገረው ውርጭ በፀሐይዋ ብርሃን ገና መቅለጥ እየጀመረ ነበር። አስጎብኚያችን መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ዛሬ የምንሄደው በእርሱ እርምጃ መሆኑን በትሕትና ግን በጽኑ ነገረን። 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሳንባችን ፍላጎት ከእግራችን ፍላጎት እንደሚቀድም የገባን ከጓደኞቻችን አንዱ ራስ ምታት ሲጀምረው ነው። አስጎብኚው ይህን ገና ሳንነግረው አይቶት ኖሮ ወዲያው አሳረፈን፣ ውኃ አጠጣን፣ ከዚያም አቀበቱን ትቶ በደልዳላው በኩል ወሰደን።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቅ፣ ግዙፉ የባሌ ፍልፈል መውጣት ጀመረ። ይህ ፍልፈል በባሌ ተራሮች ብቻ የሚኖር፣ ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ አናት ላይ የተቀመጡ፣ ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ እንስሳ ነው፤ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር በፍጥነት ይቆርጥና ወደ ኋላው ይመለሳል። ከእኛ መቶ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ይህንኑ ይጠብቅ ነበር። አስጎብኚያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እግሩን አይመልከቱ፣ ጆሮውን ይመልከቱ» አለኝ። እውነትም ጆሮዎቹ ወደ ፊት ቀጥ ባሉ ቁጥር ቀበሮው ሆዱን ከመሬት አጣብቆ አንድ እርምጃ ብቻ ይራመድና ይቆማል። በመጨረሻ ተወርውሮ ጭንቅላቱን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፤ ሲወጣ ግን አፍንጫው ላይ ካለው ጥቁር አፈር በቀር ምንም አልያዘም። አፈሩን አራግፎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያው ዘዴ ፍልፈሏን ይዞ ስናየው አራታችንም ድምፅ አላወጣንም።

በአካባቢው ኦሮምኛ ቀበሮው «ጄዳላ ፈርዳ» ይባላል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት ለመውለድ የተቃረቡ ባዝራዎችን እየተከተለ እንግዴ ልጁን ስለሚበላ እንደሆነ አስጎብኚያችን አስረዳን። በመላው ዓለም ያሉት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይገኛሉ። ለእነርሱ ትልቁ አደጋ ከቤት ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ወረርሽኙ ብዙዎቹን ጨርሷል፤ ከ2018 ጀምሮ ለቀበሮዎቹ በምግብ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ይህን ሁሉ በጽሑፍ ማንበብ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ቀበሮው ፊት ለፊት ቆሞ ሲነገር መስማት ሌላ ነገር ነው።

ስለ ፍልፈሉ የሰማነው ሌላ ነገርም አለ። በወይብ ሸለቆ በሚገኘው በፊንጫ ሀበራ የዋሻ መጠለያ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በዚህ ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደነበር፣ ምግባቸውም በአብዛኛው ይኸው ግዙፍ ፍልፈል እንደነበር አሳይቷል። ዛሬ ቀበሮው የሚያድነውን፣ ያኔ የሰው ልጅ አድኖ ጠብሶ ይበላው ነበር። ወደዚያ በፈረስ የሚደረገውን ጉዞ በጊዜ እጥረት ትተነዋል፤ የመርሐ ግብሩ ሁለተኛ ቀን ባይባክንብን ኖሮ ይበቃን ነበር።

በአራተኛው ቀን ከሰነቲ ወደ ሐረና ደን ወረድን። ይህ ቁልቁለት በመኪናም ቢሆን ሊያመልጥ የማይገባ ነው፤ በአንድ ጠዋት ከጅብራና ከአስታ ቁጥቋጦ ተነሥቶ፣ ሽበት የለበሱ በሚመስሉ ዛፎች መካከል አልፎ፣ በቀርከሃ በኩል እስከ ዝግባና ጫካ ቡና ድረስ ያደርሳል። ደመናው ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ ሪራ መንደር ስንደርስ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ታች ግን ሰማዩ ጠርቶ ጠበቀን። በረጃጅም ዛፎች ላይ የተሰቀሉትን ባህላዊ የንብ ቀፎዎች ካየን በኋላ፣ አንድ ቤተሰብ ደጃፉ ላይ የተሰጣ ቀይ የቡና እሸት እያገላበጠ ነበርና ገብተን ቡና ጠጣን። እናትየው የቡናው ዛፍ በማንም እንዳልተተከለ፣ ደኑ ራሱ እንዳበቀለው ሲነግሩን በኩራት ነበር። ሐረና አንድ ቀን ብቻ የሚሰጠው ቦታ አይደለም፤ እኛ በችኮላ ነው የወጣነው።

ከሮቤ በስተምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሶፍ ዑመር ዋሻ የጉዟችን የመጨረሻ መዳረሻ ነበር። የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው ይህ ዋሻ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ሁሉ ረጅሙም እርሱ ነው። ስሙን ያገኘው ከተከታዮቻቸው ጋር እንደተጠለሉበት ከሚነገርላቸው ከሼህ ሶፍ ዑመር ሲሆን፣ እስከ ዛሬም ምእመናን በአክብሮት የሚገቡበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጎብኚውም አለባበሱንና ድምፁን ሊቆጥብ ይገባል። አምዶቹ የቆሙበት አዳራሽ የሰው እጅ ያነጸው ይመስላል፤ ድንጋዩን በእጄ ስዳስሰው እንደ ተላገ እንጨት ለስላሳ ነበር። ወንዙን በእግር ማቋረጥ ስለሚያስፈልግ በክረምት መሄድ አይቻልም፤ በበጋም ቢሆን መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰውና የማይከዳ ባትሪ የግድ ናቸው።

ሦስት ቀን ብቻ ያላችሁ ሶፍ ዑመርን ለሌላ ጊዜ አቆዩትና ሁለቱን ጠዋት ለሰነቲ ስጡ። ጉዞውን በድርጅት በኩል የምታደርጉ ከሆነ፣ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት በእግር የሚመራ የአካባቢው አስጎብኚ መካተቱንና በአምባው ላይ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩ በጽሑፍ አረጋግጡ። ወፍራም ካፖርትና ጓንትም ያዙ፤ ጎሕ ሲቀድ ሰነቲ ላይ ቆሞ ቀበሮ ለመጠበቅ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።