ነጭ ካርድ የተጨመረበት የዳኛ ካርድ ስብስብ፦ ለተማሪዎች ውድድር ይሆናል?

ቢጫና ቀይ ካርድ በ1970ው የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ከተጀመሩ ወዲህ የዳኛ ኪስ የሚያውቀው ቅጣትን ነው። ነጩ ግን ለስፖርታዊ ጨዋነት የሚመዘዝ ካርድ ነው። በጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) በፖርቱጋል፣ በቤንፊካና በስፖርቲንግ የሴቶች ጨዋታ፣ ተመልካች ታሞ ሮጠው ለረዱት የሁለቱም ቡድን ሐኪሞች ታይቷል። ሦስቱን ከማስታወሻ ደብተር ጋር የያዘው ስብስብ ለሁለተኛ ደረጃ ውድድር ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን አያያዝ ይፈልጋል።

በላስቲክ የተለበደውን ወረቀት ተዉት፤ ጠርዙ ሲላጥ ውኃ ገብቶ ያብጣል። ጠንካራው ፕላስቲክ ጭቃ ቢነካውም በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል። ችግሩ ያለው ቢጫው ላይ ነው፦ ፀሐይ ሲበዛበት ይነጣና ከሩቅ ከነጩ ጋር ይምታታል። ተማሪው ተመሰገንኩ ብሎ ሲስቅ አሰልጣኙ ስለ ቢጫ ይጨቃጨቃል። ነጩ መሃል ላይ በማይለቅ ማርከር ወፍራም ጥቁር ክብ ማስመር ይበቃል። ኪስም ይለያይ፦ ቢጫ ደረት፣ ቀይ የቁምጣ ኋላ ኪስ፣ ነጭ ጎን።

በነጩ ፋንታ አረንጓዴ ካርድ ያለበትን ስብስብ፣ ሆኪም የሚጫወት ትምህርት ቤት አይግዛ። በዓለም አቀፍ ሆኪ አረንጓዴ ለ2 ደቂቃ ከሜዳ የሚያስወጣ ቅጣት ነው።

ነጩ ካርድ የሚወጣው ኳስ ሲቆም ብቻ ነው። ዳኛው የግብ ምት ብሎ ሳለ «እኔን ነክታ ነው የወጣችው» ብሎ ማዕዘን ምቱን ለተጋጣሚ የሚያስሰጥ ተከላካይ ይገባዋል። ለተጎዳ ሰው ጨዋታ ተቋርጦ ኳስ መመለስ ግን አያሸልምም፤ ከ2019 ወዲህ ዳኛው ራሱ ኳሱን ብዙውን ጊዜ ጨዋታው ሲቋረጥ ይዞት ለነበረው ቡድን ይሰጣል። በየጨዋታው አምስት ስድስት ጊዜ የሚመዘዝ ነጭ ካርድ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ነጩን በደረጃ ሰንጠረዥ ነጥብ ማድረግ አንመክርም። በ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ጃፓን ሴኔጋልን የበለጠችው በነጥብና በግብ እኩል ሆነው በቢጫ ካርድ ማነስ (4 ለ6) ነበር፤ ካርድ እንዳይጨመርባትም በፖላንድ 1 ለ 0 እየተመራች የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ኳስ እየተቀባበለች ጨረሰች። ነጥብ ካለ ልጆቹም ደግነትን ማስላት ይጀምራሉ። ነጭ ካርድ ያገኘውን ተማሪ ስም ደብተሩ ላይ ጽፎ ከጨዋታው በኋላ በሁለቱ ቡድኖች ፊት ማንበብ ይሻላል። በእርሳስ ይጻፍ፤ ዝናብ የነካው ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም።