የኒኮቲን ማስቲካ ባለ 4 ሚሊግራሙ፦ በ15 ዓመቱ ቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) የጀመረ ሰው ሲሞክረው

መጀመሪያ ይሄን ልበልና፣ ይሄን ከኒኮቲን ሱስ ለመላቀቅ የሚወሰድ ነገር ማስቲካ ብሎ የሰየመው ሰው ብዙ ሰው አሳስቷል። እኔም ማስቲካ ነው ብዬ አፌ ውስጥ ከትቼ ቀጨም ቀጨም አደረኩት ምራቁንም ዋጥ ዋጥ፣ 5 ደቂቃ ሳይሞላ ጉሮሮዬ በርበሬ የገባበት ይመስል ተቃጠለ፣ ስቅታ ያዘኝ፣ ማቅለሽለሽ ተከተለ፣ በቃ ይሄ ለኔ አይሆንም ብዬ ፓኬቱን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና ወደ ቬፔ ተመለስኩ። ሁለት ሳምንት እዛው ተቀመጠ። ጥፋቱ የራሴ ነው፣ ፓኬቱ ውስጥ ያለውን የአጠቃቀም ወረቀት አላነበብኩም።

አሁን 22 ዓመቴ ነው፣ የጀመርኩት በ15፣ ማንጎ ፍሌቨር። የሚገርመው ሲጋራ ይሸታል ብዬ አፍንጫዬን የምይዝ ልጅ ነበርኩ፣ ቬፑ ግን እንደ ከረሜላ ነበር፣ ጉሮሮ የማይከረክር። ለምን እንደማይከረክር የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ኒኮቲን ሶልት የሚሉት ነገር አለ፣ ኒኮቲኑ ላይ እንደ ቤንዞይክ ዓይነት አሲድ ይጨምሩበትና ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ድሮ ቢሆን የሚያስለው መጠን ምንም ሳይመስላችሁ ወደ ውስጥ ይገባል። አውሮፓ ህብረት ውስጥ ጣሪያው በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ነው፣ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጁል የሚባለው ቬፕ ደግሞ 59 ነበር። 15 ዓመት የሆነው ልጅ ይሄን ከየት ያውቃል፣ እሱ የሚያውቀው ማንጎውን ነው።

እና ወረቀቱን ሳነበው አንድ ጥያቄ አለ፣ ከእንቅልፍህ በነቃህ በ30 ደቂቃ ውስጥ ታጨሳለህ ወይ ይላል፣ አዎ ከሆነ 4 ሚሊግራሙን አይ ከሆነ 2ቱን ውሰድ ነው። ሳቄ መጣ። የኔ ቬፕ ትራሴ ስር ነበር የሚያድረው፣ ጠዋት አይኔን ሳልገልጥ በእጄ ዳብሼ አገኘዋለሁ፣ ሌሊት ሽንቴን ልሸና ስነሳም ስቤ ነው የምተኛው። ሲጋራ እኮ ቢያንስ ያልቃል፣ ቁጥር አለው፣ ይሄ ግን ማለቂያ የለውም፣ ክፍል ውስጥ የጃኬቴን እጅጌ አፌ ላይ አድርጌ እስብና ጭሱን ውጬ አስቀረዋለሁ፣ በቀን ስንቴ ብትሉኝ መልስ የለኝም። ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም ነገር ስለ ሲጋራ ነው፣ አንድ ኮከብ የቀነስኩበት ለዚህ ነው፣ በጉርምስናው ቬፕ ይዞት ላደገ ሰው የተጻፈ አይመስልም።

አጠቃቀሙን ልንገራችሁ ምክንያቱም ዋናው ጉዳይ እሱ ነው። ቀስ ብላችሁ ጥቂት ጊዜ ታኝካላችሁ፣ ምላሳችሁን ቆንጠጥ ሲያደርጋችሁ ወዲያው ማኘክ ታቆሙና በጉንጭና በድዳችሁ መሀል ታስቀምጡታላችሁ። ኒኮቲኑ የሚገባው በአፍ ቆዳ በኩል ነው፣ ከተዋጠ ለስቅታና ለቃር ብቻ ነው የሚሆነው። ቁንጠጣው ሲጠፋ እንደገና ማኘክ፣ እንደገና ቦታ እየቀየሩ ማስቀመጥ፣ እንዲህ እየተባለ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ከመውሰዳችሁ 15 ደቂቃ በፊትና አፋችሁ ውስጥ እያለ ቡና፣ ጁስ፣ ለስላሳ የለም፣ አሲዳቸው ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ እንዳይገባ ያደርገዋል። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ከለስላሳ ጋር ስወስደው ከርሜ አይሰራም እያልኩ አማርር ነበር።

ሲሰራ ደግሞ ይሰራል፣ ግን ቀስ ብሎ። ቬፕ ሲሳብ ኒኮቲኑ ጭንቅላት ጋ ለመድረስ 20 ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም፣ ማስቲካው ደቂቃዎች ይፈልጋል፣ ስለዚህ ያቺ የለመድኳት ቦግ የምትል ነገር የለችም። ሀራራው አይጠፋም፣ ጩኸቱ ነው የሚቀንሰው። እንግዲህ በ20ዎቹ አጋማሽ ነው አእምሮ አድጎ የሚጨርሰው ይባላል፣ መጨረሻ ላይ የሚበስለው ደግሞ ራስን ተው የሚለው ክፍል ነው፣ እኔ ያንን ክፍል ገና በጥሬው እያለ ነው ኒኮቲን ያስለመድኩት፣ በማስቲካ በሳምንት ይስተካከላል ብዬ አልጠበኩም።

በነገራችን ላይ ይሄን ማስቲካ የፈጠሩት ስዊድኖች ናቸው፣ መነሻው ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ማጨስ የማይችሉ ባህርተኞች ነበሩ። ሳነበው የ10ኛ ክፍል ሁለተኛው ፔሬድ ትዝ አለኝ፣ ያኔ ደወል ስጠብቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በ16 ዓመቴ ዝም ብዬ ልተው ሞክሬ ነበር፣ ያለምንም ነገር። ሶስተኛው ቀን ላይ (ለካ በጣም የሚከብዱት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ቀናት ናቸው) እናቴ እራት ቀርቧል ስትለኝ ጮህኩባት፣ በሩን ድርግም አድርጌ ገባሁ። ከውጭ ለአባቴ "ተወው፣ ጎርምሶ ነው" ስትለው ሰማኋት። እውነቷን ነው፣ ጉርምስናና ሀራራ ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ትምህርት ላይ መፍዘዝ፣ እንዴት ትለየው። ያን ቀን ማታ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ሳብኩ፣ ስመለስ ጥሩ ልጅ ሆኜ ሳህን አነሳሁ።

ያኔ ማስቲካውን ባውቀው ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ፣ ግን አሜሪካን ጨምሮ ብዙ ቦታ ከ18 በታች ከሆናችሁ በሐኪም በኩል ነው፣ ሐኪም ጋ ለመሄድ ደግሞ ለቤተሰብ መናገር አለ።

ሌላ እንከን፣ መንጋጋ ያሳምማል፣ ማሸጊያው በጥፍር አይከፈትም መቀስ ያስፈልጋል፣ ሀራራ የያዘው ሰው መቀስ ሲፈልግ አስቡት። የኒኮቲን ፓቹንም ሞክሬያለሁ፣ ቆዳ ላይ ለጥፎ መርሳት ነው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ሌሊት ለጥፌው ስተኛ ያየሁት ህልም አይወራም።

ፕሮግራሙ 12 ሳምንት ነው፣ የመጀመሪያው 6 ሳምንት በየአንድ ሁለት ሰዓቱ አንድ፣ ከዛ እያራራቁ መሄድ። እኔ 8ኛው ላይ ነኝ፣ ቬፕ ካየሁ 51 ቀን። የምትገዙ ከሆነ ሚንቱን ውሰዱ፣ ይመራል ግን ይለመዳል። የፍራፍሬ ፍሌቨር ያለውን እኔ አልነካውም፣ ጓደኛዬ አንዴ ሲከፍተው ሽታው ሲመጣ እጄ ሳላዝዘው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ገብቶ ነበር።