ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ በየሰፈሩ ለሚሸጠው "ግማሽ ዋጋ ዋይፋይ" ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ያ ጀማዓ፣ ሰሞኑን ደሴ ላይ ሆጤና ሸዋ በር አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ዋይፋይ የሚሸጡ ልጆች አሉ። "አንሊሚትድ ነው፣ በግማሽ ዋጋ ነው፣ ራውተር መግዛት አያስፈልግም፣ ዋጋው ግን የስድስት ወሩን አንዴ ለከፈለ ብቻ ነው" ይላሉ። ኮምቦልቻም በርበሬ ወንዝ አካባቢ ተጀምሯል ብለውኛል። ኧረ በአላህ በማርያም አትክፈሉ፣ ቢያንስ ይሄን አንብባችሁ ወስኑ።

አክስቴ ከፍላ ስለነበር ሄጄ አየሁት። ደረሰኝ ተብሎ የተሰጣት ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፣ "10 ሜጋ፣ 6 ወር፣ ተከፍሏል" ይላል በእስክሪብቶ፣ ማህተም የለው ስም የለው ስልክ ቁጥር ብቻ። ብሩ የገባው በቴሌብር ለግለሰብ ነው። ራውተሩ ደግሞ እሷ ቤት አይደለም፣ ሁለት ግቢ አልፎ ነው ያለው፣ እሷ ጋ ያለችው በአጥር ላይ በተጎተተ ኬብል የምትሰራ አንዲት ትንሽ እቃ ናት። ጠዋት ስትሞክረው ይሮጣል፣ የሚያሳዩሽም ጠዋት ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ግን ልጇ ከሳውዲ በኢሞ ስትደውልላት ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ ድምጿ ይቆራረጣል፣ አክስቴም ስልኩን ይዛ በረንዳ ትወጣለች ትገባለች። ዋይፋዩን ያስገባችው ለሌላ ሳይሆን ለዚች ጥሪ ብላ ስለሆነ በጣም ነው ያናደደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ አንድ መስመር አስገብቶ ለሰፈሩ ሁሉ ያከፋፍላል። 10 ሜጋው የአንድ ቤት ሳይሆን የሁሉም ነው። ማታ አስር ቤት አንድ ላይ ከከፈተ ለአንዱ ቤት 1 ሜጋ ይደርሰዋል፣ ዩቲዩብ እኮ በ480 ጥራት ለማየት ብቻ 1.1 ሜጋ ይፈልጋል፣ በ720 ደግሞ 2.5፣ ያውም ቤቱ ውስጥ አንድ ስልክ ብቻ ከተከፈተ። ስንት ቤት ነው የተገናኘው ብላችሁ ጠይቁ፣ ቁጥሩን የሚነግራችሁ የለም። ደግሞ 10 ሜጋ ሲባል በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው፣ ፋይል ስታወርዱ ስልካችሁ የሚያሳያችሁ ግን በባይት ነው፣ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ሙሉውን ብቻችሁን ብታገኙት እንኳን በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው የምታዩት።

ሌላው መብራት ነው። እናንተ ጋ መብራት ኖሮ ራውተሩ ያለበት ግቢ ከጠፋ ኔት የለም፣ ሰውየው ለበዓል ቤቱን ቆልፎ ገጠር ከሄደም የለም። ለማን ትናገራላችሁ? መስመሩ በስማችሁ ስላልሆነ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ላይ ብትደውሉ የሚያዩላችሁ ነገር የለም። ያለ ፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መሸጥ ራሱ በ2011 ዓ.ም በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ የተከለከለ ነው፣ ስለዚህ አንድ ቀን መስመሩ ቢቆረጥ የስድስት ወር ብራችሁም አብሮ ይሄዳል።

"ግማሽ ዋጋ" የሚሉትንም ከወር ጋር ብቻ አታወዳድሩት። የአክስቴን የኬብሉን፣ የእቃውንና "የመግጠሚያ" ያሏትን ደምረን ለስድስት ስናካፍለው በራሷ ስም ከምታስገባው ጋር ያለው ልዩነት ይሄን ሁሉ የሚያስከፍል አይደለም። የራሷ ቢሆን በየወሩ ትከፍላለች፣ ካልተመቻት ታቋርጣለች። የቤት መስመር የሚሸጠው በስፒድ ነው፣ ቤታችሁ ውስጥ ሦስት አራት ስልክና አንድ ቲቪ ካለ የራስ መስመር ያዋጣል፣ ካልሆነ ከጎረቤት ጋር ተማምናችሁ ኪሳራውንም ትርፉንም አውቃችሁ ብትነጋገሩ ይሻላል እንጂ ለማታውቁት ሰው የስድስት ወር አይከፈልም።

ብቻውን የሚኖርና ቀኑን ስራ ላይ የሚውል ሰው ደግሞ ዋይፋይም ላያስፈልገው ይችላል። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰሩ ልጆች ጋ የማየው ግን በየቀኑ የቀን ፓኬጅ መግዛት ነው። ትንሽ ብር ስለሚመስል አይታወቅም፣ ለምሳሌ በቀን 15 ብር ብታወጡ በወር 450 ነው፣ በዛ ብር የወሩ ስንት ጂቢ ይሰጣል ብላችሁ *999# ላይ ተመልከቱ፣ ሳፋሪኮም ያላችሁ *777#። ዋጋውን ለጂቢው አካፍሉት፣ የአንዱ ጂቢ ዋጋ ሲወጣ ነው እውነቱ የሚታየው። የሌሊት የሚባለውን ጂቢ ከድምሩ አውጡት፣ ሌሊት የምትተኙ ከሆነ የእናንተ አይደለም፣ ለፌስቡክና ለቲክቶክ ብቻ ተብሎ የተሰጠውም ለኢሞ አይሰራላችሁም። ፓኬጁ ሲያልቅ ደግሞ ዳታውን ዝጉት፣ አለበለዚያ ከካርዱ ላይ ነው የሚቆርጠው፣ እሱ ደግሞ ከፓኬጅ በጣም ይወደዳል።

ከ2015 ወዲህ ሁለት ኩባንያ ስላለ የምታወዳድሩበት አላችሁ፣ ግን ደሴ በጦሳ ስር በተራራ መሀል ስለሆነች ኔትወርኩ ከሰፈር ሰፈር ይለያል፣ ፒያሳ ላይ የሚሮጠው እናንተ መኝታ ቤት ላይሰራ ይችላል። የሌላኛው ሲም ያለው ጓደኛ ማታ ቤታችሁ ጥሩና በሱ ስልክ ቪዲዮ ክፈቱበት፣ ከዛ በኋላ ግዙ።

አንዳንዶቹ ሻጮች ዋይፋዩ እንዲሰራ ብለው በቴሌግራም አፕ ልከው ጫኑ ይላሉ። ከፕሌይ ስቶር ውጪ የመጣ አፕ ቴሌብር ባለበት ስልክ ላይ አይጫንም፣ የጫናችሁ ካላችሁ አሁኑኑ አጥፉትና የቴሌብር ፒናችሁን ቀይሩ። የከፈላችሁም ከ127 የመጣውን ሜሴጅ እንዳታጠፉት፣ የግብይት ቁጥሩ እሱ ላይ ነው ያለው፣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ለሁለተኛ ሰው ላኩ፣ ልጁን ብራችሁን ስትጠይቁም በመደወል ሳይሆን በጽሁፍ ጠይቁት።