የልጆች የጽሕፈት አጀማመር የሚያይ ሰው ለምትፈልጉ ወላጆች

ሰላም ወላጆች። ዛሬ አንዲት መምህርት ማመስገን ፈልጌ ነው። ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

ልጄ አምስት ዓመቱ ነው፣ ኬጂ 2። ደብተሩ በቀይ ኤክስ ተሞልቶ ይመጣል። እሱም እርሳስ ባየ ቁጥር «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመረ። ብዙ ዓመት ኬጂ ያስተማረች፣ አሁን ቤቷ ሆና ልጆች የምታይ መምህርት እንዳለች የነገረችኝ ጎረቤቴ ናት።

ሀ ሁ አላስቆጠረችውም። ወረቀት ሰጥታ «የምትወደውን ሳልልኝ» አለችው። ድመት ሣለ። «እስቲ ስሟን ከሥሯ ጻፍልኝ» ስትለው «ደመተ» ብሎ ጻፈ። «አንብብልኛ!» አለችው። በጣቱ እየተከተለ «ድ-መ-ት» አለ፣ ኮራ ብሎ።

ከዚያ ለብቻዬ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሦስቱንም ድምፅ ሰምቷል፣ አንዱንም አልዘለለም፣ ቅደም ተከተሉንም ጠብቋል። የቀረው ግዕዙን ከሳድሱ መለየት ነው። 33 ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም እኮ! «ቡ»ን ሲጽፍ ቅጥያዋን በግራ በኩል መለጠፉም አላስደነገጣትም። ገልብጦ መጻፍ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው፤ ሰባት ዓመት ካለፈው በኋላም ከቀጠለ ያኔ በደንብ ይታያል አለችኝ።

እጁንም አየች። እርሳሱን በጡጫ ስለሚጨብጥ ቶሎ ይደክመዋል። ያዘዘችለት ሊጥ ማድቦልቦል፣ እሸት ባቄላ መፈልፈልና በአጭር እርሳስ መጻፍ ነው። (ባቄላው ለእኔም ጠቅሞኛል፣ ወጥ ቤት ረዳት አገኘሁ።)

በጣም የወደድኩላት ግን ፋይሏን ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀኑንና ልጁ «ይሄ እንዲህ ነው» ያለውን ትጽፋለች። በቀደም የመጀመሪያውንና የቅርቡን ጎን ለጎን ዘረጋችልኝ። አሁን «ድመተ» ላይ ደርሰናል! ሆድ ቁርጠቱም ጠፍቷል።

እንከን አታጡባትም። ስልክ ቶሎ አታነሳም፣ ቀጠሮዋም ይርቃል። ከመቶ ስንት አመጣ ለምትሉ ደግሞ ማርክ የሚባል ነገር የላትም። የቤት ሥራ ማሠራትም አትቀበልም።

ጀሞ አካባቢ ናት፣ የምታየው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስትሄዱ ልጁ በራሱ የሞነጫጨረውን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። እንዳታርሙት ብቻ፣ የታረመ ወረቀት አትቀበልም።