ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር፦ ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋናና ጥቆማ

ሞተሩ ሲሞቅ እየጠፋ፣ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ እየተነሳ ያስቸገረንን መኪና በትክክል መርምሮ ለሠራልን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ምስጋናችን በአደባባይ ይድረሰው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አንለጥፍም፤ ለሚፈልግ ሰው እሱን አስፈቅደን በውስጥ መስመር እንልካለን። «ጎበዝ ነው፣ ሂዱ» ብሎ ማለፍ ግን ለአንባቢ ብዙም አይጠቅምም። ምን ለክቶ ምን እንዳየ፣ ያንን ዕቃ ለምን እንደፈታና ሌላውን ለምን እንዳልነካ በዝርዝር እንጽፋለን። ይህን ያነበበ ሰው ሌላ ጋራዥ ቢሄድ እንኳ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል።

ምልክቱ ይህ ነበር። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ይነሳል። የሙቀት መርፌው መሃል ከደረሰ በኋላ፣ በተለይ በሚኒሞ ቆሞ ሳለ፣ ሳይንገጫገጭ ጥፍት ይላል። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ኮፈኑን ከፍቶ እስኪበርድ ከመጠበቅ በቀር የሚሠራ ነገር የለም። ቼክ ኢንጂን መብራቱ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይታይም።

እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት የነዳጅ ፓምፕ፣ ካንዴላና ቦቢና ተቀይረውለት ነበር። ይህ ስህተት በብዙ ቦታ የሚደጋገመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት የተመለከተ ሰው ፓምፑ ሲሠራ አይሰማም፣ ካንዴላው ላይም እሳት አያይም፤ ስለዚህ አንዱን ወይም ሌላውን ይጠረጥራል። ነገር ግን ሁለቱንም የሚያዘው የሞተሩ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ) መዞሩንና የት ቦታ ላይ እንዳለ ካላወቀ እሳትም ነዳጅም አይሰጥም። በብዙ መኪኖች ላይ ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑን ለሁለት ሰከንድ ያህል አሠርቶ የመዞር ምልክት ካላየ ያቆመዋል። አሠራሩ ለደኅንነት ታስቦ የተደረገ ነው፤ መኪናው ተጋጭቶ ሞተሩ ቢቆም ፓምፑ ነዳጅ መግፋቱን እንዳይቀጥል። እናም ይህን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው አንድ የክራንክ ሴንሰር ሲሞት ጤነኛ ፓምፕና ጤነኛ ቦቢና አብረው የሞቱ ይመስላሉ።

ወንድማችን መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጠየቀ። ሲጠፋ የአርፒኤም (የሞተሩን የደቂቃ ዙር የሚያሳየው) መርፌ ከሞተሩ ጋር ቀስ ብሎ ይወርዳል ወይስ በአንዴ ዜሮ ይገባል? አልነሳ ብሎ ሞተሪኖው ሲያዞርስ መርፌው ትንሽ ይነቃነቃል? ነዳጅ ያጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ እየተንገጫገጨ፣ ጉልበት እያጣ ነው የሚቆመው፤ መርፌውም አብሮት ይወርዳል። የክራንክ ምልክት ሲቋረጥ ግን ሞተሩ ገና እየዞረ ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ ይወድቃል። ይህ በሁሉም መኪና ላይ አይሠራም፣ መርፌውን ሌላ ኮምፒውተር እያለሳለሰ የሚያሳይባቸው አሉ። ስለዚህ መልሳችንን ሰምቶ አልተወውም፤ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰክቶ የአርፒኤሙን ቁጥር በቀጥታ ተከታተለ።

ስካነሩ ላይ የተመዘገበው የስህተት ኮድ ፒ0335 (የክራንክ ሴንሰር መስመር ችግር) ነበር፤ አብሮ የተቀመጠው መረጃ ደግሞ ስህተቱ ሲመዘገብ የሞተሩ ውሃ 96 ዲግሪ እንደነበር ያሳያል። ብዙ ጋራዥ እዚህ ላይ ሴንሰር አምጣ ይላል። እሱ ግን ኮዱ የሚጠቁመው መስመሩን በሙሉ ነው ባይ ነው፦ ሴንሰሩን፣ ሶኬቱን፣ ሽቦውን፣ የሚነበበውን ጥርስ፣ እስከ ኮምፒውተሩ ድረስ። የቅርብ ዘመዶቹንም መለየት ያስፈልጋል። ፒ0336 ምልክቱ እየመጣ ነገር ግን ሲዛባ ነው፤ ፒ0339 ሲቆራረጥ ነው። ፒ0016 ከሆነ ግን ክራንክ ሻፍቱና ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) በአቀማመጥ አልተስማሙም ማለት ነው፤ የተለጠጠ የታይሚንግ ሰንሰለት ወይም ጥርስ የዘለለ ቺንጋ ሊሆን ስለሚችል ሴንሰር መቀየር ብቻውን ላይፈታው ይችላል።

ባትሪውንም አላለፈውም። ሞተሪኖው እያዞረ ሳለ 10.4 ቮልት ለካ። ከ9.6 በታች ቢወርድ ኖሮ መጀመሪያ ባትሪውንና የሞተሪኖውን መስመር ያይ ነበር፤ የዚህ መኪና ክራንክ ሴንሰር የሚያመነጨው ምልክት ጉልበት በፍጥነት ላይ ስለሚመሠረት ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ምልክቱም ይደክማል።

ሴንሰሩ ባለ ሁለት ሽቦ፣ ማግኔትና የመዳብ ጥቅል ያለው ዓይነት ነው። ጫፉ ቮላኖው (ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ካለው ጥርሳም ቀለበት ፊት ለፊት ይቆማል። ቀለበቱ በ60 ጥርስ ተከፋፍሎ ሁለቱ ጎድለዋል፤ እያንዳንዱ ጥርስ ሲያልፍ ጥቅሉ ውስጥ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል፣ የጎደለው ቦታ ሲያልፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ ክራንክ ሻፍቱ የት እንዳለ ያውቃል። ሞተሩ በርዶ ሳለ የጥቅሉ የኤሌክትሪክ መቋቋም በኦም ሲለካ 820 አሳየ። በማኑዋሉ ከተሰጠው ልክ ውስጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው «ሴንሰሩ ደህና ነው» ብሎ ወደ ሌላ ዕቃ የሚሄደው፤ መኪናው የሚጠፋው ግን ሲበርድ አይደለም።

ስለዚህ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። በመጠበቅ ላይ ሳለ ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅን በስክሪን ላይ በሞገድ መልክ የሚያሳይ መሣሪያ) አገናኝቶ የምልክቱን ቅርጽ አየ፦ ሞገዶቹ ቁመታቸው እኩል ነው፣ የጎደሉት ሁለት ጥርሶች ቦታም በየዙሩ ጥርት ብሎ ይታያል። ይህ ቀለበቱን ነፃ አወጣው። የተጣመመ ወይም የሚወላገድ ቀለበት ቢሆን ኖሮ ሞገዱ በየዙሩ አንድ ጊዜ ከፍ፣ አንድ ጊዜ ዝቅ ይል ነበር፤ የተሰበረ ጥርስ ቢኖር ደግሞ ሌላ ተጨማሪ ክፍተት ይታይ ነበር። ከዚያ ሞተሩ ሞቀ፣ ማራገቢያው ሠራ፣ ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ላይ ያለው ሞገድ በአንዴ ቀጥ ያለ መስመር ሆነና ሞተሩ ተከትሎት ቆመ። ቅደም ተከተሉ ልብ ይባል፤ ምልክቱ ቀድሞ ጠፋ፣ ሞተሩ ቀጥሎ።

ወዲያው ቁልፉን ዘግቶ ሶኬቱን ነቀለና የሴንሰሩን ሁለት እግሮች ለካ። መልቲሜትሩ ቁጥር አላሳየም፤ ጥቅሉ ተቋርጧል። መለኪያውን ሳያነሳ ቆየ። ትንሽ ሲበርድ 1,040 ብሎ ብቅ አለ፣ ጠፋ፣ ተመልሶ መጣና ቀስ እያለ ወደ 900ዎቹ ወረደ። ይህን ማወቅ ለሚፈልግ፦ የመዳብ ሽቦ ኦሙ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በ20 ዲግሪ 820 የነበረ ጥቅል በ90 ዲግሪ ወደ 1,045 ቢጠጋ ጤነኛ ነው። ቁጥሩ መጨመሩ ሳይሆን ጨርሶ መጥፋቱ ነው በሽታው። ከፀጉር የቀጠነው ሽቦ አንድ ቦታ ተሰንጥቋል፤ ፕላስቲኩ ሲሞቅና ሲለጠጥ ስንጥቁ ይከፈታል፣ ሲበርድ መልሶ ይገጥማል።

ባለ ሦስት ሽቦ የሆነውን፣ ሆል የሚባለውን ዓይነት ግን በዚህ መንገድ መፈተን አይቻልም። ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ስላለ የኦም ልኬት ትርጉም አይሰጥም። እዚያ የሚፈተሸው የሚመጣለት 5 ወይም 12 ቮልት መኖሩ፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር) ጥሩ መሆኑ፣ ሞተሩ ሲዞርም የምልክቱ ሽቦ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው።

ሴንሰሩ መሞቱን ካረጋገጠ በኋላ ሽቦውን ማየቱ በጣም ያስመሰግነዋል። ባትሪውን ፈትቶ የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለና ሁለቱንም ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካ፤ ሁለቱም ከ1 ኦም በታች ናቸው፣ ከማሳም ጋር አይነካኩም። ነገር ግን በእጁ እየዳሰሰ ሲሄድ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሽቦው ልባስ ደርቆ መሰነጣጠቁን አገኘ። ዛሬ የሚሠራ ሽቦ ወር ቆይቶ ልባሱ ሲረግፍ እርስ በርሱ ወይም ከብረት ጋር ሊነካካ ይችላል። ያንን ክፍል ቆርጦ በተጠማዘዘ ሽቦ ተካ፣ በብየዳ አያያዘ፣ ረብሻ የሚከላከለውን የጥልፍ መከለያም መልሶ አለበሰው። መከለያው ማሳ የሚነካው በአንድ ጫፉ ብቻ መሆን አለበት፤ በሁለቱም በኩል ከታሰረ ራሱ ረብሻ ያስገባል። ሁለቱ ሽቦዎች ደግሞ ቦታ መቀያየር የለባቸውም። በባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ላይ ከተቀያየሩ ሞገዱ ይገለበጣል፤ ሞተሩ ላይነሳ ወይም ተነስቶ ታይሚንጉ ሊዛባ ይችላል።

መቀየሩ ራሱ አጭር ሥራ ነው፣ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። ሞተሩ እስኪበርድ ተጠበቀ፤ መኪናው ከክሪኩ ሌላ በመደገፊያ ተያዘ። ከመፍታቱ በፊት የሴንሰሩን ዙሪያ በብሩሽና በአየር አጸዳ፣ አለዚያ አሸዋውና ቆሻሻው በቀዳዳው ወደ ውስጥ ይገባል። የሚይዘው አንድ ብሎን ነው፣ በ10 ቁልፍ የሚፈታ። ብሎኑ ወጥቶ ሴንሰሩ አልወጣም አለ፤ ብዙ ሰው በካቻቢቴ ፈልቅቆ ፕላስቲኩን የሚሰብረውና ጫፉን ውስጥ የሚያስቀረው እዚህ ነው። እሱ ዝገት ማላቀቂያ ነፍቶ ትንሽ ቆየና ግራና ቀኝ እያዞረ አወጣው። የማግኔቱ ጫፍ ላይ ጥቁር የብረት ብናኝ ተለጥፎ ነበር። ከሞተሪኖውና ከቮላኖው ጥርስ የሚመጣ ደቃቅ ብናኝ ያለ ነገር ነው፤ ስብርባሪ ብረት ቢሆን ግን ቀለበቱን ወርዶ ማየት ግድ ይላል።

አዲሱን ከመግጠሙ በፊት ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ከመቀመጫው እስከ ጫፉ ያለውን ርዝመት በካሊፐር ለካ። በጥርሱና በሴንሰሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ተመሳስሎ የተሠራ መለዋወጫ አንድ ሚሊ ቢረዝም ጥርሱ ይገጨዋል፣ ቢያጥር ደግሞ በሞተሪኖ ፍጥነት ምልክቱ አይበቃም። የአዲሱንም ኦም ለካ። ኦሪንጉን በጣት ጫፍ ዘይት አስነካው፣ በእጁ ገፍቶ እስከ መጨረሻው አስቀመጠው፣ ከዚያ በኋላ ነው ብሎኑን የነካው። በብሎን እየሳቡ ማስገባት መቀመጫውን ይሰነጥቃል። ለእንዲህ ያለ ትንሽ ብሎን ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ሽቦውን በድሮዎቹ መያዣዎች፣ ከጭስ ማውጫውና ከቺንጋው አርቆ አሰረ።

ኮዱን አጥፍቶ «አለቀ» አላለም። መኪናው እስኪሞቅ ተነዳ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፈኑን እንደተዘጋ 15 ደቂቃ ተወው። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ ሙቀቱ ግን ከብሎኩ መውጣቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ከነበረው የበለጠ ሊሞቅ የሚችለው ከጠፋ በኋላ ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ቁልፉን አዞረ፤ ገና ሞተሪኖው ሲያዞር ስካነሩ ላይ ከ200 በላይ አርፒኤም ታየ፣ ሞተሩም ወዲያው ተነሳ። ይህን ደጋግሞ ሠራ። በአንዳንድ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ ወይም ክራንክ ሻፍቱ ከተነካ በኋላ ኮምፒውተሩ የጥርሱን ልዩነት በስካነር እንደገና እንዲማር ይፈልጋል፤ ካልተማረ ፒ0315 ይመጣል። የእኛ መኪና እንደማይፈልግ ከማኑዋሉ አይቶ አረጋገጠ።

መኪናውን ስንረከብ አሮጌውን ሴንሰር በላስቲክ፣ የለካቸውን ቁጥሮች ደግሞ በወረቀት ጽፎ ሰጠን፦ ሲበርድ ስንት፣ ሲሞቅ ስንት፣ አዲሱ ስንት። ቀድሞ የተቀየሩት ዕቃዎች ላይ ምንም ነገር እንድንጨምር አልጠየቀም። ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ፤ ሶኬቶቹን በጥንቃቄ ሲያጸዳ የዋለው ረዳትህም እንዲሁ።

እሱ ጋ ለምትሄዱ፦ ከመሄዳችሁ በፊት ኮዱን አታስጠፉ፣ ባትሪም አትፍቱ፤ ስህተቱ ሲፈጠር የተመዘገበው የሙቀትና የፍጥነት መረጃ አብሮ ይጠፋል። የመኪናውን ዓመተ ምርትና የሞተሩን ኮድ ይዛችሁ ሂዱ። ሲጠፋ በሙቀት ነው ወይስ በማንኛውም ሰዓት፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይነሳል፣ መርፌው ምን ያደርጋል የሚለውን አስቀድማችሁ አስተውሉ። ሲሞቅ የሚመጣ ችግር ከሆነ መኪናው እስኪጠፋ ድረስ ስለሚጠብቅ፣ ለግማሽ ቀን የማትፈልጉት ቀን ምረጡ፤ በቂ ነዳጅም ይኑረው። የምርመራውንና የመቀየሪያውን ሒሳብ ለየብቻ ነው የሚያስበው፣ ዕቃውንም ራሳችሁ ብትገዙ አይከፋውም። ሥራ ላይ ሳለ ስልክ ስለማያነሳ መልእክት ጻፉለት፣ ምልክቱን በሁለት መስመር ግለጹለት፤ ማታ ራሱ ይደውላል።