የአባታችንን ስድስት ጎራሽ ከብየዳ ላዳኑልን የኮምቦልቻው ጋሼ

ይህ ምስጋና ኮምቦልቻ ውስጥ በቶርኖ ሥራና በአሮጌ መሣሪያ ጥገና ለሚተዳደሩ አንድ አባት ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ነግረውኛል። ከሥራው ጠባይ አንጻር እውነት አላቸው። ሥራቸውን ሳልናገር ማለፍ ግን አልሆነልኝም።

አባታችን ትቶልን ያለፈው አንድ አሮጌ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለ። ፈቃዱ በስሙ ነበር። ካረፈ በኋላ በሕጉ መሠረት ወደ ታላቅ ወንድሜ ዞሯል። አባባ ያገኘው የአሰብ መንገድ ላይ ይሠራ ከነበረ ፈረንጅ ነው፣ ከነእንጨት ሳጥኑ። ሳጥኑ ውስጥ ረዘም ያለ ትርፍ አፈሙዝ እና ለምን እንደሚያገለግል ቤተሰቡ የማያውቀው አንድ ቁልፍ አለ።

ችግሩ የአፈሙዙ መነቃነቅ ነበር። ደሴ ላይ ያሳየነው ሰው ገና እጁ ላይ ሳይቆይ «ጥርሱ አልቋል፣ በብየዳ ይያዝ» አለ። ዋጋም ቆረጠ። ወንድሜ ሊስማማ ትንሽ ነበር የቀረው። እናታችን ናት «የአባታችሁን ዕቃ በእሳት ከማስነካታችሁ በፊት ሌላ ሰው አሳዩ» ያለችው። ጠያይቀን ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ገባን።

ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁት ፈቃዱን ነው። ወረቀቱን አንብበው፣ በሽጉጡ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያይተው መለሱ። ከዚያ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። የጥይት ቤቱን ከፍተው ስድስቱንም ቀዳዳ በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱ። «አንተም እይ» ብለው ለወንድሜ አዞሩለት። ባዶ መሆኑን ሁለት ሰው ሳያረጋግጥ ብሎን አይነኩም።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር በጣም ነው ያስደነቀኝ። ጽሑፉ ተፍቆ አይነበብም ነበር። ነጭ ጠመኔ ወስደው ጎኑን አሹት፣ ላዩን በጨርቅ ጠረጉት። ጠመኔው ጭረቱ ውስጥ ቀረና ፊደሎቹ ነጭ ሆነው ወጡ፦ ዳን ዌሰን (የሠሪው ስም)፣ 357 ማግነም (የሚጎርሰው የጥይት ዓይነት)። እኛ እስከዚያ ቀን ድረስ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሥራ ነው ስንል ነበር።

ጋሼ ግን ጽሑፉን ሳያዩም ጠርጥረው ነበር። ምልክቶቹን አሳዩን። አንደኛ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ጠልቆ የገባ ዳዶ አለ። ሁለተኛ፣ የጥይት ቤቱ መክፈቻ እንደ ሌሎቹ ከኋላ በአውራ ጣት የሚገፋ ሳይሆን ከፊት ለፊት ነው። እጀታውም ከሥሩ በሚገባ አንድ ብሎን ብቻ ነው የሚያዘው። ማነጣጠሪያው በብሎን ስለሚስተካከል ከ15 ቁጥር ሞዴሎች ወገን ነው አሉ፣ ቋሚ ቢሆን ኖሮ 14 ይሆን ነበር። «አብሽር ልጄ፣ አልተሰበረም። እንዲፈታ ተደርጎ ነው የተሠራው» አሉት ወንድሜን። ያ ግራ የገባን ቁልፍ የዳዶው መፍቻ ኖሯል!

ለማታውቁት ታሪኩን ላካፍላችሁ። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሞንሰን ከተማ ያቋቋመው ዳንኤል ዌሰን ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን መሥራቾች የአንዱ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። የሚቀያየረውን አፈሙዝ የፈጠረው ካርል ሉዊስ የሚባል ባለሙያ ነው። በአብዛኞቹ ሌሎች ስድስት ጎራሾች አፈሙዙ ዋናው አካል ላይ ጠብቆ ስለሚገባ ልምድ ያለው ሰው ካልሆነ አይነካውም። እዚህ ግን አፈሙዙ ቀጭን ቱቦ ነው። በእጅ ይጠመዘዛል፣ ለብቻው የተሠራ ሽፋን በላዩ ይገባል፣ ከጫፍ በዳዶ ይጠብቃል። ዳዶው ቱቦውን ወደ ፊት ወጥሮ ይይዘዋል። ውጥረቱ ለአተኳኮስ ትክክለኛነት ይረዳል። ዳዶው ሲላላ ደግሞ ልክ እንደኛው ይነቃነቃል። በብየዳ ቢያዝ ኖሮ ይኼ ሁሉ ብልሃት ባንድ ጀንበር ይሞት ነበር።

ዋናው ጥንቃቄ በአፈሙዙ ኋላና በጥይት ቤቱ ፊት መካከል ያለው ክፍተት ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው መለኪያ 0.006 ኢንች ነው፣ ወደ 0.15 ሚሊ ሜትር። የእኛ ሳጥን ውስጥ መለኪያው የለም። ጋሼ መኪና ቫልቭ የሚስተካከልበትን ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ ስስ ብረቶች) አወጡና 0.15 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቅጠል መዘዙ። ቅጠሉን መካከል አስገብተው አፈሙዙን እስኪነካው ጠመዘዙ፣ ሽፋኑን አካሉ ላይ ካለችው ፒን ጋር ገጠሙ፣ ዳዶውን አጠበቁ። ከዚያ እንደገና ለኩ፣ ምክንያቱም ሲጠብቅ ልኩ ሊቀየር ይችላል። ስድስቱንም ቀዳዳ እያዞሩ ነው የለኩት። ክፍተቱ ሲሰፋ ጋዝና የእርሳስ ፍንጣሪ በጎን ይወጣል። ሲጠብ ደግሞ ሽጉጡ ሲሞቅና ሲቆሽሽ የጥይት ቤቱ አልዞር ይላል።

ጽዳቱም የራሱ ሥራ ነበር። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጥቁር ቀለበት ተጋግሯል። 357 ሽጉጥ 38 ስፔሻል የሚባለውን አጠር ያለ ጥይትም ስለሚተኩስ፣ በአጭሩ ብዙ ሲተኮስ የሚቀር ጥላሸት ነው አሉ። በላምባ አርሰው በናስ ብሩሽ አወጡት። ቀልሃ ገፍቶ የሚያወጣውን ኮከብ መሰል ብረት ሥርም ጠረጉ። እዚያ የተቀመጠ ቆሻሻ የጥይት ቤቱን በደንብ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ዝገት ያለበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እንዲያሹት ወንድሜ ሲጠይቃቸው «ቀለሙን ይዞት ይሄዳል» ብለው በዘይትና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ሠሩት። ምላጩን እንዲያላሉለት ሲለምናቸውም እምቢ አሉ። የሚችሉት ነገር ነው፣ ግን በስህተት የሚተኮስ ሽጉጥ ከእጃቸው እንዲወጣ አይፈልጉም። በዚህ ይበልጥ አመንኳቸው።

ደሴ ለምትኖሩ የነገሩንን ላድርሳችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ሽጉጥ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አይከርም፣ ቆዳው እርጥበት ይዞ ያዝገዋል። ጠርጋችሁ፣ ስስ የስፌት መኪና ዘይት ቀብታችሁ፣ ባዶውን ቆልፋችሁ አስቀምጡ። ዘይት አታብዙ፣ አቧራ ይሰበስባል። ጥይቱ ለብቻው፣ ሌላ ቦታ ይቆለፍ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ጋሼ ስልክ አያነሱም፣ ቶሎም አይጨርሱም። ለሚቸኩል ሰው ይከብዳል። የጠየቁን ዋጋ ግን ለብየዳው ከተቆረጠብን ያነሰ ነው። አሮጌ መሣሪያ በሕጋዊ ፈቃድ የያዛችሁ በውስጥ ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የተሰጠ ፈቃድ ሳትይዙ ግን አትሂዱ፣ ከበር ይመልሷችኋል።

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። እናታችንም ከልብ አመስግኚልኝ ብላለች።