ፍሪዮ ከረጢት፦ ኢንሱሊን ይዞ ቆላ ለሚወርድ ሰው

ለኢንሱሊን ማቀዝቀዣ ተብለው ከሚሸጡ ዕቃዎች ፍሪዮን የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ ፍሪዘር ውስጥ እስካልከተቱት ድረስ ተጠቃሚው የቱንም ያህል ቢሳሳት ከረጢቱ መድኃኒቱን በረዶ ሊያደርገው አይችልም። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሙቀት ኢንሱሊንን ቀስ በቀስ ሲያደክመው፣ በረዶ በአንድ ሌሊት ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። ጥርት ያለው ዓይነት ደግሞ በረዶ ሆኖ ከቀለጠ በኋላ ምንም ያልነካው መስሎ ሊታይ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ በአደጋ ጊዜ ሌላ ፈጽሞ ከጠፋ ሙቀት የነካውን ኢንሱሊን አዲስ እስኪገኝ መጠቀም እንደሚቻል ይናገራል፤ በረዶ የሆነውን ግን አትጠቀሙ ይላል። ዕቃውን የምመዝነው ከዚህ ተነስቼ ነው።

ፍሪዮ በዌልስ የሚሠራ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባ ሁለት የጨርቅ ከረጢት ነው። ባትሪ የለውም፣ በረዶም አይፈልግም። በውስጠኛው ከረጢት ስፌቶች መካከል ደረቅ ክሪስታል አለ፤ ውሃ ሲነካው ያብጥና ጄል ይሆናል። ያ ውሃ በጨርቁ በኩል ቀስ እያለ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። አምራቹ የሚገባው ቃል፣ ሳያቋርጥ 37.8 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ውስጥ እንኳ ቢያንስ ለ45 ሰዓት ኢንሱሊኑን ከ18 እስከ 26 ዲግሪ ድረስ ያቆየዋል የሚል ነው።

“ከ18 እስከ 26” የሚለውን ልብ በሉ። ይህ የፍሪጅ ሙቀት አይደለም፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ቦታው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው፤ እዚያ እስካለ ድረስ ማሸጊያው ላይ እስከተጻፈው ቀን ይቆያል። ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ቆጠራ ይጀምራል። ከኢንሱሊን ዓይነቶች ላንተስና ኖቮራፒድ ከ30 ዲግሪ ሳያልፉ 28 ቀን፣ ትሬሲባ 56 ቀን ይቆያሉ፤ ብዙ ሰው የሚወስዳቸው ኤንፒኤችና ሬጉላር እንደ አምራቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት። ቆጠራው የሚጀምረው ጎማው በመርፌ ሲበሳ ብቻ አይደለም፤ ያልተነካውም ብልቃጥ ከፍሪጅ ወጥቶ ከረጢቱ ውስጥ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርበታል። ከጉዞ ሲመለሱ ፍሪጅ ውስጥ መልሶ ማስገባት ያለፈውን ቀን አይሰርዘውም። ስለዚህ የወጣበትን ቀን ብልቃጡ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉ፤ የማለቂያው ቀን የታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና የእናንተንም በፈረንጅ አድርጉት። ሁለት አቆጣጠር አንድ ብልቃጥ ላይ ሲገናኝ ቤተሰብ ውስጥ ሌላ ሰው ይሳሳታል።

ታዲያ ለማን ያስፈልጋል? አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ደሴ ለሚኖርና በጅምር ላይ ያለ ብልቃጥ ለሚጠቀም ሰው አያስፈልገውም። ጥላ ያለበት፣ ከምድጃ የራቀ መሳቢያ ይበቃዋል፤ ገንዘቡን ለስኳር መለኪያ ስትሪፕ ቢያውለው ይሻላል። ወደ ድሬዳዋ፣ ሰመራ፣ መተማ ወይም ሁመራ ለሚወርድ፣ በሙቀቱ ወራት ሪያድ ከቤት ውጭ ለሚሠራ ግን ዋጋውን ያወጣል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ያወጡት ጥናት አለ፦ በሰሜን ኬንያ ዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የቤት ውስጥ ሙቀት ለክተው ያንኑ በላቦራቶሪ ሲደግሙት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት 4 ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉ ፍሪጅ ውስጥ ከቆየው ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኝቷል። ይህ አንድ ቀን ሙቀት ነካው ብሎ ለሚደነግጥ ሰው እፎይታ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለተረሳ ብልቃጥ ግን አይሠራም፤ እዚያ ያለው ሙቀት ከ37 እጅግ ያልፋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ቢሆንም ስህተት አይጠፋውም። ውሃ ውስጥ የሚገባው ውስጠኛው ከረጢት ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንደ መጠኑ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይነከራል፤ መሃል ላይ አውጥታችሁ ክሪስታሉን በእጅ እየዳሰሳችሁ ወደ ሁሉም ጥግ አዳርሱት፤ አለዚያ አንድ ጎን ተከምሮ ሌላው ጎን ባዶ ጨርቅ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በፎጣ አድርቁትና ውጫዊው ውስጥ ክተቱት። ዋናው ብልሽት አሳድሮ መንከር ነው፦ ጄሉ ከልክ በላይ ያብጥና እንኳን ብልቃጥ ቀጭኗ ፔንም (እስክሪብቶ የምትመስለው የኢንሱሊን መውጊያ) አትገባም። ሲጨምቁት ስፌቱ ይለቃል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን በግድ አታስገቡ፤ ነፋስ ያለበት ቦታ ሰቅላችሁ እስኪጎድል ጠብቁ።

ውሃው የግድ የሚጠጣ ውሃ መሆን አያስፈልገውም፤ ጨው የበዛበት ግን አይሁን። እንዲህ ያለው ክሪስታል ጨዋማ ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ዝቅተኛ ነው፤ በባሕር ውሃማ እንደሚገባው አያብጥም።

ሁለተኛው ትልቅ ስህተት ከረጢቱን ማፈን ነው። እርጥበቱ ዕቃ እንዳያበላሽ ብሎ ፌስታል ውስጥ መጠቅለል፣ ክዳን ባለው የምሳ ዕቃ መክተት፣ በልብስ መካከል ሻንጣ ውስጥ መቅበር ሁሉም ያው ነው፤ ውሃው ካልተነነ ቅዝቃዜ የለም። ቦርሳ ላይ በውጭ ይንጠልጠል ወይም ክፍት በሆነ የጎን ኪስ ይቀመጥ፣ በጥላ በኩል። ሚኒባስ ውስጥ ከሞተሩ በላይ ያለው መቀመጫ፣ ዳሽቦርዱና ፖርቶማኛው አይሆኑም። ፍሪጅ ወይም ፍሪዘር ውስጥም አታስገቡት። የካርቶን ማሸጊያው ስለሚርስ ብልቃጡን አውጥታችሁ፣ የመመሪያ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሡት።

ጄሉ ወደ ጠጣር ፍሬነት መመለስ ሲጀምር እንደገና ይነከራል። 45 ሰዓቱን እንደ ሰዓት ደወል አትመኑ፤ ሰመራ ላይ ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ቶሎ ይደርቃል፤ ማታ ማታ በእጅ ዳስሶ ማየት ይሻላል። ከጉዞ መልስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መሳቢያ ውስጥ ከገባ ይሻግታል። መድረቁ ቀናት ይፈጃል፤ ታገሡት።

ሻጮች የማያነሱት ደካማ ጎኑ ወበቅ ነው። በውሃ ትነት የሚቀዘቅዝ ነገር ሁሉ የሚወርድበት ወለል በአየሩ እርጥበት ይወሰናል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ፣ የአየሩ እርጥበት 20 በመቶ ከሆነ ትነት ሊያደርስ የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት ወደ 21 ዲግሪ ነው። ያው 38 ዲግሪ እርጥበቱ 60 በመቶ ሲሆን ግን ወለሉ ወደ 31 ይወጣል፤ ከረጢቱ ደግሞ ወለሉ ድረስ እንኳ አይወርድም። ስለዚህ በደረቁ የአፋር ምድር ጎበዝ የሆነው ከረጢት በዝናብ ወቅት ጋምቤላ፣ ወይም ከባሕረ ሰላጤው ዳር ወበቅ በሚያፍንበት ቀን ከእርጥብ ጨርቅ ብዙም አይሻልም። የምትሄዱበትን ካላወቃችሁት ሙከራው ይኸው፦ በመድኃኒቱ ፈንታ ከፍተኛና ዝቅተኛውን የሚመዘግብ ትንሽ ዲጂታል ቴርሞሜትር ከታችሁ አንድ ቀንና ሌሊት ተዉት። ከ30 በላይ ካሳየ ሌላ መላ ፈልጉ።

ሌላው መላ ሰፊ አፍ ያለው ፔርሙዝ ከአይስ ፓክ (ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሚሆን፣ ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ዕቃ) ጋር ነው። ወበቅ አይበግረውም፤ የፍሪዮ በጎ ጎን ግን ይጎድለዋል፦ በረዶ ሊያደርግ ይችላል። ከፍሪዘር አሁን የወጣ አይስ ፓክ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ብልቃጥ ከነካ ያበላሸዋል። በክትባት ሥራ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለዚህ መፍትሔ አላቸው፦ አይስ ፓኩን ውጭ ያስቀምጡታል፣ ሲነቀንቁት ውስጡ ውሃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ብቻ ወደ ቫክሲን ካሪየሩ (የክትባት መያዣ ሳጥኑ) ያስገቡታል። መቅለጥ የጀመረ በረዶ ዜሮ ዲግሪ ላይ ነው፣ ከዚያ በታች የለም። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። እናንተም እንደዚያው አድርጉ፤ ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልሉት፣ ከአይስ ፓኩ ጋር ቆዳ ለቆዳ አይገናኙ።

በመኪና ሶኬት የሚሠሩት ርካሽ ትንንሽ ፍሪጆችን አልመክርም። ኮምፕረሰር የሌላቸው አብዛኞቹ የሚያቀዘቅዙት ከውጭው አየር ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ዝቅ አድርገው ነው። ቀን አዋሽ ላይ 38 ሲሆን 20 ያህል ይሆናል፣ ጥሩ። ማታ ደጋ ላይ 12 ዲግሪ ሲሆንስ? መቆጣጠሪያ ከሌለው ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ፍሪጅ ለሌለው የገጠር ቤት ከፍሪዮ የሚሻለው ሸክላ ነው፤ ትንሽ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ፣ መካከሉ በረጠበ አሸዋ የተሞላ፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ፣ ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ። አሸዋው ላይ ጠዋትና ማታ ውሃ ይጨመራል። የሚሠራበት ዘዴ ከፍሪዮ ጋር አንድ ነው፣ ድክመቱም እንዲሁ። አንድ ጥንቃቄ፦ ሸክላው ያልተሟሸ መሆን አለበት። በዘይት የተሟሸ ማሰሮ ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ ውሃ አያሳልፍም።

ከረጢቱ ቤት ያለውን ፍሪጅ አይተካም። የሚገርመው ግን ኢንሱሊን እዚያው ቤት ፍሪጅ ውስጥም በረዶ ሊሆን ይችላል። ፍሪዘሩ ውስጡ ከላይ ባለበት ባለ አንድ በር ፍሪጅ፣ ከፍሪዘሩ ሥር ያለው መደርደሪያና የኋላ ግድግዳው በጣም ይቀዘቅዛሉ። ኖ ፍሮስት በሚባለው ደግሞ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋበት ቀዳዳ ፊት አደገኛ ነው። በሩ ላይ ካስቀመጡት በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። የሚሻለው መካከለኛው መደርደሪያ ነው፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ፣ በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ። ቴርሞሜትሩን በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ ከአጠገቡ አኑሩ፤ ያን ጊዜ የሚያሳየው አየሩን ሳይሆን ብልቃጡ ውስጥ ያለውን የሚመስል ሙቀት ነው። መብራት ሲሄድ በሩን አትክፈቱ፤ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ባዶ ቦታውን በውሃ ጠርሙሶች መሙላት ጊዜውን ያራዝመዋል። መብራቱ የጠፋበት ጊዜ ረዘም ካለ ብቻ ነው ፍሪዮ የሚነከረው፤ ስታብላይዘር ደግሞ መብራቱ ሲመለስ ኮምፕረሰሩን ከሚያቃጥለው ቮልቴጅ ያድነዋል።

በአውሮፕላን ስትሄዱ መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ ከታች የሚጫነው ሻንጣ ሊበርድም ሊጠፋም ይችላል። የመድኃኒቱን ኬሚካላዊ ስም የያዘ የሐኪም ደብዳቤ ያዙ፣ ፍተሻው ላይ ጄሉንም መርፌውንም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ካቢኑ ራሱ ቀዝቃዛና ደረቅ ስለሆነ በበረራው ላይ ከረጢቱ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው በትራንዚትና ከወረዱ በኋላ ነው። በፔን የምትጠቀሙ ከሆነ መርፌው ተሰክቶ አይቆይ፤ የአየር ግፊቱ ሲለዋወጥ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል።

ሌላ መርፌ የሚወስዱም ይህን ከረጢት ይገዛሉ፤ መመሪያቸውን ሳያዩ ባይገዙ ይሻላል። ሁሚራ የተባለው የመገጣጠሚያ ሕመም መርፌ ለምሳሌ ከፍሪጅ ውጭ የሚፈቀድለት እስከ 25 ዲግሪ፣ ለ14 ቀን ብቻ ነው፤ የፍሪዮ የላይኛው ጫፍ 26 ስለሆነ ያልፈዋል። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በጭራሽ መውጣት ለሌለበት መድኃኒት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

በፔን ለሚጠቀም ባለ ሁለት ፔኑ መጠን፣ በብልቃጥና በሲሪንጅ ለሚጠቀም ደግሞ ሰፋ ያለው ይስማማል። ከውጭ የሚላክላችሁ ከሆነ የብልቃጣችሁን ቁመትና ውፍረት ለክታችሁ ላኩ፤ ሲነከር ውስጡ እንደሚጠብ አትርሱ። ገበያ ላይ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው፣ ውስጣቸው ግን ፍሪዘር ውስጥ የሚገባ ጄል ፓክ ያለባቸው ቦርሳዎች አሉ፤ እነሱ ፍሪዮ አይደሉም፣ በረዶ የማድረግ አደጋቸውም እንደ አይስ ፓኩ ነው።